ለተ ልብሷን አላስገባችም

ትሮምሶ፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዮሃና፣ ለአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ፣

ከዓለም ጫፍ የላክሁልሽ ሰላምታ መንገድ ላይ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እናትሽስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? እኔ ተመስገን ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የልቤን ኪኒን እውጣለሁ።

ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ግራ እንዳይገባሽ፤ ተከስተ ነኝ። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ስትወርጂ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ፣ የለተገብርኤል ታናሽ ወንድም። ልጅ ሳለሽ የእድሩን ጥሩምባ ከቤቴ ሰርቀሽ ነፍተሽ፣ ሰፈሩ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ የወጣ ዕለት ጆሮሽን የቆነጠጥኩሽ ሰውዬ። አሁን ትዝ አልኩሽ? ያኔ የእድሩ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ መርዶ የማረዳውም እኔ። ማለዳ በራቸው ላይ ቆሜ ያዩኝ ሰዎች አፌን ሳልከፍት ይጮሁ ነበር። አንዴ ስኳር ልበደር ሄጄ እንኳ አስጩኼ ተመልሻለሁ።

ልጄ እጸገነት ወደዚህ ካመጣችኝ ዓመት አለፈ። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ስትወጣ ጨለማ፣ ስትመለስ ጨለማ። ቤቱ ይሞቃል፣ ፍሪጁ ሞልቷል፤ ሰው ግን የለም። አብርሃ የሚባል ያገራችን ልጅ አውቶቡስ ይነዳል። ማውራት ሲያምረኝ እሱ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ እመለሳለሁ። እሱም እየነዳ ማውራት አይችል፤ አንገቱን ሳይ ውዬ እገባለሁ።

እጸገነት ላፕቶፕ የሚባለውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች። አብረን ነው የምንጠቀመው። ካርታ አለው፤ ካዛንቺስን ከሰማይ ያሳያል። ነገር ግን አንድ ቁልፍ ስነካ ሁሉም ይጠፋብኛል። እሷ ስታሳየኝ እጇ ከዓይኔ ይቀድማል፤ ሁለተኛ ስጠይቃት ትተነፍሳለች። አንቺ ኢንተርኔት ቤት እንደምትሠሪ ሰማሁ። በወረቀት ጽፈሽ አስተምሪኝ፤ ወረቀት አይቸኩልም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እህቴን ለተን ማየት። በስልክ እንደሆነ አትሰማኝም፤ እኔ ስጮህ እሷ «ሃሎ» ስትል ካርዱ ያልቃል። በእናት ባባት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ይህን ደብዳቤ ሄደሽ አንብቢላት።

አጎትሽ ተከስተ


ካዛንቺስ
ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባባ ተከስተ፣

መድኃኔዓለም ባሉበት ይጠብቅዎ፤ ብርዱንም እሱ ያሙቅልዎ። እማዬ «ወገቤ ድኖ እስክስታ ወርጄበታለሁ በይው» ብላለች። ውሸቷን ነው፤ ግን ደህና ናት።

ውይ አባባ፣ ደብዳቤ! በቃ በስሜ ፖስታ ሲመጣልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ታዲዎስ ከሣጥኑ አውጥቶ ሲሰጠኝ «ማነው የከሰሰሽ?» አለኝ። ቁንጥጫውን ደግሞ አልረሳሁትም፤ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በብርድ ይቀላል።

እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። ማውዙ እጅዎ ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ይተዉት፤ ቁልፎቹ ይበቃሉ። ከታች በግራ ጥግ ያለውን ኮንትሮል ተጭነው ይያዙ፤ አይልቀቁት። እሱን እንደያዙ የመደመር ምልክቷን ጫን ሲያደርጉ ጽሑፉም ፎቶውም ይጎላል፤ መቀነሷ መልሳ ታሳንሳለች። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል ከፈለጉ ኮንትሮልን ይዘው ኤፍ። ትንሽ ሣጥን ትከፈታለች፤ ቃሉን እዚያ ሲጽፉ ራሱ ፈልጎ ቀለም ቀብቶ ያሳይዎታል። ገጹ አልታደስ ካለ ከላይ ካሉት ውስጥ ኤፍ አምስትን ይጫኑ።

አሁን ለእርስዎ ዋናዋ። ገጹ ድንገት ሲጠፋብዎ «አበላሸሁት» ብለው እንዳይደነግጡ። ኮንትሮልንና ሺፍትን አንድ ላይ ይዘው ቲ የምትባለዋን ፊደል ይጫኑ፤ የተዘጋው ተመልሶ ይመጣል። ሲደግሙ ከሱ በፊት የተዘጋው፣ አሁንም ሲደግሙ ከዚያም በፊት የተዘጋው ይመጣል። ማለቴ፣ በዚህ ማሽን ላይ የተዘጋ ነገር ወዲያው ጠፋ ማለት አይደለም።

ደብዳቤዎን ለእትዬ ለተ አነበብኩላቸው። ማንበብ አይባልም፣ ጮህኩላቸው፤ ኦሎምፒያ ያሉት ታክሲ ጠባቂዎች ሳይሰሙ አይቀርም። የአብርሃ አንገት ላይ ስደርስ ሳቁ። ከዚያ «ልጅ ሆኖም ሰው ሲያጣ ከአህያችን ጋር ያወራ ነበር። አይዞህ በይው» አሉኝ።

አክባሪዎ ዮሃና


ትሮምሶ
ጥር 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዮሃና ጓለይ፣ ልጄ፣

ጤናና ብርሃን ይብዛልሽ። ብርሃን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ አገር በክረምት ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ሰው በቀትር መብራት አብርቶ ይሄዳል። ሳይነግሩኝ ነው ያመጡኝ።

ትምህርትሽ ገብቶኛል። መደመሯን እየተጫንኩ ከሰማይ ወርጄ ግቢያችን ገባሁ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ የኮኩ ዛፍ አድጓል። ከጓሮ ገመዱ ላይ ነጭ ነገር ተሰጥቷል። «ለተ አጥባለች፣ ደህና ናት ማለት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ከፈትኩት፤ ልብሱ አለ። ከዚያም ወዲያ ስከፍተው አለ። ኤፍ አምስትን እስኪያመኝ ተጫንኩ፤ ልብሱ አልተነሳም። ቅዳሜ ለተ ከበር ስትወጣ ላያት ብዬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ዋልኩ። ማንም አልወጣም፤ ማንም አልገባም።

ለተን ታውቂያታለሽ፤ ልብስ አስጥታ የምታሳድር ሴት አይደለችም። ታማ ነው? ወድቃ ነው? እባክሽ ሮጠሽ ሄደሽ እያት። ደህና ከሆነች «ተከስተ ከኖርዌይ ሆኖ ልብስሽን አስገቢ ብሎሻል» በያት። ዝናብ ቢመጣስ?

ይህን ለእጸገነት አልነገርኳትም። ከሥራ ደክሟት ነው የምትገባው፤ በልብስ ጉዳይ ላስቸግራት አልፈለግሁም።

ተከስተ


ካዛንቺስ
መጋቢት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአባባ ተከስተ፣

እንኳን ከዚያ ጨለማ አወጣዎት። ጾሙንም በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ እዚህም መብራት እየጠፋ ነው፣ ጨለማው የእናንተ ብቻ አይምሰልዎ።

አባባ፣ እንዳይስቁብኝ፤ እኔም አልሳቅሁም፤ እሺ ትንሽ ስቄያለሁ። የካርታው ሥዕል የዛሬ አይደለም። ድሮ አንዴ ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው። ኤፍ አምስት ገጹን ነው የሚያድሰው፤ ፎቶውን አይደለም። እርስዎ ከበር ላይ ሲጠብቋቸው በዋሉበት ቅዳሜ እትዬ ለተ ገበያ ሄደው ሽሮ አስፈጭተው ተመልሰዋል።

ሄጄ ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን በጣም ስለሳቁ ውሃ ሰጠኋቸው። «ነጭ ነገር ካየ ነጠላዬ ነው፤ ሌላ ምን ነጭ አለኝ? እንኳን በንጹሕ ነጠላ አየኝ!» አሉ። የድሮ ፎቶ ነው ብላቸው «ይሁን፣ ይሁን» አሉኝ። ስወጣ ዞር ብዬ ሳይ ወደ ሰማይ እያዩ ነበር።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ለፋሲካ ይዣቸው ኢንተርኔት ቤቱ እመጣና በቪዲዮ ይተያያሉ። ለእጸገነት ጽፌላታለሁ።

መጥፎ ወሬም አለ። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ውጭ አገር ያለ ልጃቸው ሞተባቸው። ማን እንደነገራቸው ልንገርዎ? አንድ ዘመዳቸው፣ በስልክ። ኦሎምፒያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ሽንኩርት ይዘው። ሽንኩርቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ እኔ ለቃቀምኩት። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ዮሃና


ትሮምሶ
ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ዮሃና ልጄ፣

እጅሽ ይባረክ፤ ወልደሽ ሳሚ። ፋሲካን ከመጣሁ ወዲህ የቀመስኩት ዘንድሮ ነው። ለተ መስታወቱ ውስጥ ስትገባ እንዴት እንዳየኋት! ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ። ጆሮዋ ላይ ያደረግሽላት ነገር አስደንግጧት «ተከስተ፣ ውስጤ ገብተህ ነው የምታወራው?» ስትለኝ ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ስንሰነባበት መስታወቱን ስትስመው ታዲዎስ እንዳልተቆጣሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እጸገነት «አባዬ ዝጋው» ብትለኝ እንዴት አድርጌ? ሰው በር ላይ ቆሞ እያየ በር ይዘጋበታል? እናንተ እስክትዘጉ ጠበቅሁ። ለካ እሷም እኛን ስትጠብቅ ነበር።

ከስታ አየኋት። ጾሙ ነው አላችሁኝ። ይሁን።

የየሻረግ ነገር ግን አንገበገበኝ። እኔ እዚያ ብኖር ያንን ዘመድ ከእድር አስወጣው ነበር። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለማን እንደምታስተምሪው አላውቅም፣ ግን ላንቺ ልንገርሽ፣ አንድ ሰው እንኳ ይወቀው። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚኬደው፤ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወሬ ሳይቀድም። ብቻውን ያለን ሰው ብቻሽን ሆነሽ አታረጂም። ቆሞ ከሆነ ታስቀምጪዋለሽ። አንድ የሚወደው ሰው ከኋላው ይቆማል። ከዚያ መዞር የለም፤ «ታሞ ነበር፣ ደክሞ ነበር» ማለት የለም። የሟቹን ስም ጠርተሽ «ሞተ» ትያለሽ። ሰው ልቡ የሚፈርጠው በቃሉ አይደለም፣ ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ከተነገረ በኋላ ደግሞ አልቅሶ እስኪወጣለት ማንም አይነሳም። ሥራ ቢኖርሽም፣ ልጅ ቢያለቅስብሽም አትነሺም።

አሁን ደግሞ ፀሐይዋ አልገባም ብላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀን ነው። ይህ አገር መካከል የሚባል ነገር አያውቅም። ለተን ሳሚልኝ። ለእንቁጣጣሽም ታምጪልኛለሽ፣ ቃል ግቢልኝ።

ተከስተ


ካዛንቺስ
ሐምሌ 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአባባ ተከስተ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ልብዎንም ይጠብቅልዎ።

በጣም ስለዘገየሁ ይቅርታ። ክረምቱ ከብዷል። ደግሞ ለባቡሩ ብለው ከመስቀል አደባባይ እስከ ኡራኤል ቆፍረውታል፤ ፖስታ ቤት ለመሄድ እንኳ በጭቃ ነው። እማዬ ሰላም ትልዎታለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይልዎታል።

ያልነገርኩዎት ቁልፎች አሉ። ኤፍ አስራ አንድን ሲጫኑ ከላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋና ገጹ መስታወቱን ይሞላል፤ ደግመው ሲጫኑ ይመለሳል። ኮንትሮልና ዲ የወደዱትን ገጽ ምልክት አድርጎ ያስቀምጥልዎታል። ረጅሟ ቁልፍ ሲያነቡ ገጹን ወደ ታች ታወርድልዎታለች፤ ሺፍትን ከያዙ ወደ ላይ። አልትን ይዘው የግራ ቀስቷን ሲጫኑ ወደ ነበሩበት ገጽ ይመለሳሉ። ኮንትሮልና ታብ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ያዘዋውርዎታል፤ ኮንትሮልና ኤል አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ያደርስዎታል። ሌላም አለ፣ ሳስታውስ እጽፍልዎታለሁ።

ኪኒንዎን እንዳይረሱ። እባክዎን እንዳይረሱ።

ዮሃና


ትሮምሶ
መስከረም 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዮሃና፣

እንኳን አደረሰሽ፤ ዘመኑ የሳቅ ይሁንልሽ። ቁልፎቹን በሙሉ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ሁሉም ይሠራሉ፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስለ ለተ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ኤፍ አስራ አንድ መለስሽልኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎኛል አልሽ። ለተ ምን አለች? እሷ «ሰላም በይው» ብላ ብቻ የምትልክ ሴት አይደለችም፤ አንድ የምትሰድበኝ ነገር አታጣም።

እንቁጣጣሽ ዕለት ጋቢዬን ለብሼ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። እጸገነት «መስመሩ ተበላሽቷል አሉ» አለችኝ። ይበላሽ፤ መስመር ነው፣ ሊበላሽ ይችላል። ታማ ከሆነም ታማለች በይኝ፤ የታመመ ሰው ይድናል።

እጸገነትም አመል አውጥታለች። ወጥ ቤት ስገባ ገጹን ቶሎ ትዘጋዋለች፤ ዓይኗ ቀልቶ አገኛታለሁ። ሰው ይዛ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ከሆነም ደስታዬ ነው፣ አርባ ልትገባ ነው። ብቻ የሚያስለቅሳት ባይሆን። አንቺ ካወቅሽ ጠይቂልኝ፤ ለኔ አትነግረኝም።

ካርታው ላይ የለተ ነጠላ አሁንም ተሰጥቷል። የድሮ ፎቶ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም በየጠዋቱ አያለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ተከስተ


ትሮምሶ
ኅዳር 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዮሃና፣

ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። መልስሽን ጠብቄ ጠብቄ ቀረ፤ ለምን እንደቀረ አሁን ገብቶኛል።

ትናንት ካርታውን እያየሁ እጄ ሳተና ዘጋሁት። እንዳስተማርሽኝ አደረግሁ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቲ። ካርታው ቶሎ ባይከፈትልኝ አልሠራም ብዬ ደግሜ ተጫንኩ። እጸገነት ጠዋት ቶሎ ብላ የዘጋችው ገጽ ወጣ። ሰው ይዛለች ያልኩሽ። ፎቶ ነበር።

ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑን አወቅሁት፤ የእድራችን ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ቀዳዳ በአረንጓዴ ሸራ ያስጣፍኩት ራሴ ነኝ። ከኋላው ደግሞ ሰማያዊው በር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ መጀመሪያ «ጎረቤት ሞቶ፣ ቦታ ጠቧቸው፣ ለተ በኛ በር ላይ ትከሉ ብላቸው ነው» አልኩ። ትላለች እኮ፤ እንዲህ ያለ ነገር አትከለክልም።

ከዚያ መደመሯን ተጫንኩ። አጎላሁትና የተቀመጡትን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። የሻረግ አለች። ታዲዎስ አለ። እናትሽ አለች። አንቺ አለሽ፤ ጥቁር ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ። ለተን ፈለግሁ። ኮንትሮልና ኤፍ ቃል እንጂ ሰው አይፈልግም፤ በዓይኔ ነው የፈለግሁት። ወደ ጓዳ ገብታ ይሆናል አልኩ። ለሰው ውሃ እያቀረበች ይሆናል አልኩ። እንደገና ከዳር ጀመርኩ። ሰፈሩ በሙሉ ቁጭ ብሏል፤ የሌለችው እሷ ብቻ ናት።

አልጮህኩም። ብጮህስ ማን ይሰማኛል? ገጹን ዘጋሁት። እጸገነት ስትገባ ሻይ አፈላሁላት። «አባዬ ደህና ዋልክ?» አለችኝ፤ «ደህና» አልኳት። እሷ ለልቤ ስትፈራ እኔ ለልቧ እየፈራሁ ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን።

አልተቀየምኩሽም። እኔም ሊቀ መርዶው ሳለሁ ለልብ ሕመምተኛ ስንት ጊዜ አዘግይቻለሁ። ግን አሁን ችግሬ ሌላ ነው። እንባዬ እምቢ አለኝ። መርዶዬን ሳልረዳ እንዴት አድርጌ ላልቅስ? የስንቱን ሰው እጅ ይዤ ያረዳሁ ሰውዬ፣ እኔን ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ማሽን ያርዳኝ? ይህ መርዶ አይባልም። ከልብስ መስጫው ላይ ነጠላዋን ሳይ አለች እላለሁ፤ ድንኳኑ ትዝ ሲለኝ የለችም እላለሁ። እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።

ስለዚህ አንቺ አርጂኝ። እንደ ሥርዓቱ። እንዴት እንደሚደረግ ነግሬሻለሁ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ፀሐይ አትወጣም፣ ጎህ የሚባል የለም። በየትኛው ጎህ እንደምታረዱኝ እናንተ እወቁ።

ተከስተ


ካዛንቺስ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአባባ ተከስተ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ አብርሃ ነው። ዛሬ የሥራ ልብሱን አልለበሰም፤ አንገቱን ሳይሆን ፊቱን ያዩታል። እጸገነት ከኋላዎ ቆማለች። ለሁለቱም ደውዬ ተነጋግረናል፤ ፎቶውን እንዳዩት ለእጸገነት ነግሬያታለሁ፣ ስልኩ ላይ አብረን አልቅሰናል። አብርሃም መጀመሪያ «እኔ አልችልም» ብሎኝ ነበር። «አባባ እኮ አንተን ብሎ ነው አውቶቡስ የሚሳፈረው» ስለው እሺ አለ።

ስለ ጎህ ያሉትን አስቤበታለሁ። አብርሃን በራችሁን እንዲያንኳኳ ያልኩት በእኛ ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። በመስኮት ሲያዩ ጨለማ ነው አይበሉ። አሁን ካዛንቺስ ሊነጋ ነው። የኡራኤል ቅዳሴ ይሰማል። እኔም፣ እማዬም፣ እትዬ የሻረግም ከእንቅልፋችን ተነስተን ሰማያዊው በር ጋ ተቀምጠናል፤ እርስዎ ሲሰሙ እኛም እዚህ እንድንሆን።

ተቀምጠዋል አይደል? ካልተቀመጡ ይቀመጡ።

አባባ ተከስተ፣ እህትዎ ለተገብርኤል ሞተዋል።

በሰኔ ነው፤ በኡራኤል ማግስት። በበዓሉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስመው ነበር። ጠዋት እትዬ የሻረግ ሊጠይቋቸው ሲገቡ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ትንሽ ደከመኝ፣ ልጋደም» አሏቸው። ተጋደሙ፤ በቃ፣ አልተነሱም። አልተሰቃዩም። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ እጃቸውን እትዬ የሻረግ ይዘዋቸው ነበር። በኡራኤል ነው የተቀበሩት። ሰው በጣም ብዙ ነበር፤ ያ ድንኳን ጠቦን ወንበር ወደ መንገዱ አወጣን።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። የካርታውን ነገር የነገርኳቸው ዕለት «ይሁን፣ ይሁን» ብለውኝ ነበር ብዬ ጽፌልዎታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነጠላቸውን በየጠዋቱ ያሰጡ ነበር። ታጥቦም፣ ሳይታጠብም። «እትዬ ለተ፣ የድሮ ፎቶ ነው እኮ፣ አያይዎትም» እላቸዋለሁ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ያነሱት ይሆናል። ተከስተ ከፍቶ ሲያይ ባዶ ገመድ ይይ?» ይሉኛል። ገመዱን እንኳ የኮኩ ዛፍ እንዳይጋርደው ብለው ወደ መሀል አስጠጉት።

ያን ቀን ጠዋትም አስጥተውት ነበር። እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን ዝናብ ሲመጣ ትዝ አለኝ፤ «ዝናብ ቢመጣስ?» ያሉኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሳይረጥብ ደረስኩበት። ልብሳቸውን አስገብቼላቸዋለሁ አባባ።

ነጠላው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ አላጠብኩትም። እጸገነት አሁን ከፖስታው አውጥታ ትከሻዎ ላይ ታድርግልዎ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ።

በሉ አሁን ያልቅሱ። ማንም አይነሳም።

ዮሃና